የፋኖስ ሲኒማ የኋላ በር

መርዳድ 29፣ እሑድ

ትናንት ማታ በደቡብ፣ በአባዳን ከተማ አንድ ሲኒማ ከነሰዉ ተቃጠለ። ራዲዮው ሲናገር ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ማቅረቢያው ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት። የሞተው ከሦስት መቶ ይበልጣል አለ። መንግሥት ተቃዋሚዎቹ ናቸው ይላል፣ ሰዉ ደግሞ ራሱ መንግሥት ነው ይላል። በሮቹ ተቆልፈው ነበር በሚለው ግን ሁሉም ይስማማል።

ሥራ ስገባ ቲኬት የምሸጥበት መስታወት ቤት ጠበበኝ። ስንት ዓመት ስቀመጥበት ጠቦኝ አያውቅም። በፋኖስ ሲኒማም ወደ ኋላ መተላለፊያ የሚወጣው በር፣ ጎረምሶች ሳይከፍሉ ስለሚሾልኩበት፣ ከውጭ በሰንሰለት ከታሰረ ቆይቷል። ቁልፉ በባለቤቱ በአጋ ዛርዋን ኪስ ነው።

«አጋ፣ የኋላው በር ይከፈት» አልኳቸው።

«ብከፍተው እሳት ይዘው ይገቡበታል፤ ብቆልፈው ሰው ይቃጠልበታል። እስቲ አንቺ ባለቤት ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

«መክፈቱን።»

«ለዚህ ነው ባለቤት ያልሆንሽው» ብለው ሳቁ። ፊታቸው ግን አልሳቀም። በመጨረሻ፣ ፊልም ሲጀመር በሩ እንዲከፈት፣ ሰዉ ሲወጣ እንዲቆለፍ ተስማማን።

ማታ የመጣው ተመልካች በጣት የሚቆጠር ነበር። ሁሉም ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ሸህሪቫር 5፣ እሑድ

መንግሥት ተቀየረ። አዲሱ መንግሥት ቁማር ቤቶችን ዘጋ፤ የዘመን አቆጣጠሩንም ወደ ድሮው መለሰው። ማታ ስንተኛ ዓመቱ ሁለት ሺሕ አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት ነበር፤ ስንነሳ አንድ ሺሕ ሦስት መቶ ሃምሳ ሰባት ሆነ። ፊልሙን የሚያሳዩት ሽማግሌው አርመናዊ አርዳሼስ፣ አርመንን «አቶ» ከማለት ይልቅ «ሙሴ» ስለምንል ሙሴ አርዳሼስ፣ በመስኮቴ ጎንበስ ብለው፣

«ባድሪ ኻኑም፣ በአንድ ሌሊት ከሺሕ ዓመት በላይ ወጣት ሆኜልሻለሁ። አሁንስ ታገቢኛለሽ?» አሉኝ።

«ገና ልጅ ነዎት፤ ትንሽ ይደጉ» አልኳቸው። ከአባዳን ወዲህ የሳቅኩት ዛሬ ነው።

አጋ ዛርዋን ሃይማኖተኞቹ እንዳይቆጡ ሠዓሊ አስመጥተው፣ ከቲኬት መሸጫዬ በላይ በተሰቀለው የፊልም ማስታወቂያ ላይ ያለችውን ዘፋኝ ባዶ እግሮቿን በጥቁር ቀለም አስደፈኗት። ከወገቧ በታች ከሰል ሆና ቀረች። ወንድሜ ያዶላህ ግን በዚህም አልረካም። እናታችን ስትሞት ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አሁን ጋራዥ ይሠራል፣ ጢም አውጥቷል፣ ምክርም ይሰጠኛል።

«እትዬ፣ አንቺ ከታች፣ እሷ ከላይ። መንገደኛው ሁሉ ሁለታችሁንም አይቶ ነው የሚያልፈው።»

«እኔኮ ለብሻለሁ።»

«ቀልድ አይደለም። እዚያ ቤት ባትሠሪ ደስ ይለኛል።»

«ያደግክበት ቤት ነው።»

ልጅ ሳለ የሚጠብቅልኝ ሰው ሳጣ ሙሴ አርዳሼስ የማሽኑ ክፍል ወስደው፣ የሱፍ ፍሬ እያስቆረጠሙ ያውሉልኝ እንደነበር ላስታውሰው ፈልጌ ተውኩት።

ሸህሪቫር 13፣ ሰኞ፣ የጾም ፍቺ

ሰዉ ለተቃውሞ ሰልፍ እንደ ጎርፍ ወጣ። ሴቶች ለወታደሮች አበባ ሲሰጡ በዓይኔ አየሁ። ያዶላህና አብሮ አደጉ ቁድራት ድምፃቸው ተዘግቶ መጥተው የሠራሁትን ወጥ ድስቱን ጠረጉት። ቁድራት፣ «ባድሪ ኻኑም፣ አገሩ ሲስተካከል እኔም ሲኒማ እገባለሁ፤ ብቻ ጥሩ ፊልም አሳዩ» አለኝ። ቁድራት ቀልደኛ ነው። ያዶላህ ከእሱ ጋር ሲሆን ይስቃል።

ሸህሪቫር 17፣ ዓርብ

በጠዋት ሰዓት እላፊ ታወጀ። ብዙ ሰው አልሰማም። ጃሌህ አደባባይ ተኩስ። ሄሊኮፕተር። ያዶላህ የለም። የቤት አከራያችን ኤሽራት ኻኑም ጣሪያ ላይ ወጥተው «ጭስ ይታያል» ይላሉ። ይውረዱ ብላቸው አይሰሙኝም። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ? ብሄድ ይመጣል፣ ብጠብቅ አይመጣም። ደግሞ ልወጣ ነው።

ሸህሪቫር 20፣ ሰኞ

ቁድራት ሞተ።

ያዶላህ ዓርብ አመሻሹ ላይ የመጣው የማያውቀውን ሰው ጫማ አድርጎ ነው። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። «እግርህን ላጥብልህ» ስለው ወደ ግድግዳው ዞረ። ዛሬ ከቁድራት እናት ቤት ስንመለስ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሲወድቅ የያዝኩት መስሎኝ ነበር። ለካስ እጀ ጠባቡን ነው የያዝኩት።» ምን ልበለው? «እራት ብላ» አልኩት። ስንት ቃል እያለ «እራት ብላ»!

ሸህሪቫር 26፣ እሑድ

የጠበስ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ጋዜጣው በአንድ ገጽ የጠበስን ፍርስራሽ፣ በሌላው የወታደራዊውን አስተዳዳሪ ትእዛዝ፣ በሦስተኛው የሻምፑ ማስታወቂያ ይዞ ወጥቷል። የሞተውን ሳነብ ቁጥር ሆነብኝ፤ ስለዚህም ራሴን ጠላሁት።

ሰዓት እላፊው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ስለሚጀምር የመጨረሻው ፊልም ቀርቷል። ሙሴ አርዳሼስ ቤታቸው በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው፤ አውቶቡስ ቶሎ ይጠፋል። ዛሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለዛርዋን እንዳትነግሪብኝ። ላይ፣ ማሽኑ አጠገብ እተኛለሁ» አሉኝ።

«ከውጭ ተቆልፎብዎት?»

«ማሽኑና እኔ ተላምደናል። ከሚስቴ ያነሰ ነው የሚያንኮራፋው፣ ነፍሷን ይማር።»

ማልኩላቸው። ለማንም አልናገርም።

መህር 9፣ እሑድ

የጋራዡ ባለቤት ሥራ የለም ብሎ ዘጋ። ያዶላህ ግን ጠዋት ወጥቶ አመሻሹ ላይ ይመጣል። የት እንደሚውል ብጠይቀው «ከልጆቹ ጋር» ይለኛል። የትኞቹ ልጆች? ድሮ ልጆቹ ማለት ቁድራት ነበር።

ኤሽራት ኻኑም ጠዋት ውሃ ስንቀዳ፣ «ወንድምሽ ሎንደን ራዲዮን ስሰማ እንዲገባ ንገሪው እንጂ፤ ብቻዬን እየሰማሁ ለማን ልሳደብ?» አሉኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዓይንሽን ከልጁ ላይ አታንሺ» አሉ። ለምን እንዳሉኝ አልጠየቅኩም።

መህር 12፣ ረቡዕ

ሸሚዙን ሳጥብ ቤንዚን ሸተተኝ። ጋራዥ የሚሠራ ሰው መሽተቱ ምን ይገርማል? ሁለቴ በሳሙና አሸሁት።

መህር 23፣ እሑድ

ጋዜጠኞቹ ሥራ ካቆሙ በኋላ ጋዜጣ ዛሬ ወጣ። ሳንሱር አይነካችሁም ተብለዋል አሉ። የጋዜጣ ሰልፍ ከዳቦ ሰልፍ ረዘመ፤ አንዱ ይገዛል፣ አምስቱ በትከሻው ላይ ያነባሉ። አንድ ሽማግሌ፣ «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው እንጂ፣ አንተ ብቻ ነህ እንዴ አገር ያለህ?» ብለው ሲቆጡ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ለያዶላህ አንድ ገዝቼለት ገባሁ። ደስ አለው። እንደ ድሮው ከማዕድ ጨርቁ፣ ከሶፍራው አጠገብ ተጋድሞ ሲያነብ አየሁትና ልቤ ረጋ። ገጹን እየገለጠ፣ ቀና ሳይል፣

«እትዬ፣ ሲኒማው ሲዘጋ ውስጥ ማንም የለም አይደል? ዘበኛ ምናምን?» አለኝ።

«ማን ይኖራል?» አልኩት።

ገጹን ገለጠ። እኔም ሩዙን ላማስል ተነሳሁ።

ለሙሴ አርዳሼስ ምያለሁ። ለዚህ ነው እንዲህ ያልኩት። ጥያቄውም ተራ ጥያቄ ነው፤ ሰው ስለ እህቱ ሥራ ቢጠይቅ ምን አለበት?

አባን 3፣ ረቡዕ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ለያዶላህ ስለ ሙሴ አርዳሼስ ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ፤ ስለ ላምባ መወደድ፣ ስለ ኤሽራት ኻኑም ጉንፋን። ብነግረው ምን ብዬ ነው? «እዚያ ሰው ያድራል» ብዬ ብነግረው «ታዲያ ለምን ትነግሪኛለሽ?» ይለኛል። ለምን እንደምነግረው አላውቅም። የማላውቀውን ነገር እንዴት እመልሳለሁ?

ደግሞ መሐላ አለብኝ።

አጋ ዛርዋን «ለሐኪም» ብለው ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ሻንጣቸው ለሐኪም የሚኬድበት ሻንጣ አይመስልም። የፊቱን የብረት መዝጊያም፣ የኋላውን ሰንሰለትም ቁልፍ ለእኔ ጣሉልኝ። «አንቺ የታመንሽ ነሽ» አሉኝ። አሁን ሙሴ አርዳሼስን ማታ ማታ ከውጭ የምቆልፍባቸው እኔ ነኝ። ከላይ ሆነው «ደህና እደሪ፣ የወህኒ ቤት አለቃ!» ይሉኛል።

አባን 8፣ ሰኞ

መስታወቴ በድንጋይ ተሰነጠቀ። አልተጎዳሁም። የወረወረውን አላየሁትም። ሙሴ አርዳሼስ ሳል ይዟቸዋል፣ ያ ክፍል ብርድ ነው፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ አልኳቸው። «ማሽኑን ብቻውን?» አሉኝ፣ ሕፃን ጥለው ይሂዱ የተባሉ ይመስል።

አባን 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ማታ ቴሌቪዥን ሳይደብቅ አሳየው። ኤሽራት ኻኑም ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አየን። ልጆቹ ከአጥሩ ጀርባ ሲወድቁ፣ አንዷ ሴት «ይሄ ፊልም ነው?» አለች። ያዶላህ ቆሞ ነበር የሚያየው። ሳያልቅ ወጣ።

ቤት ስገባ እራቱን ሳይነካ ተቀምጧል። የእግሩ ጣቶች ምንጣፉን ይቧጥጣሉ። ዳቦ ቆረስኩለት፣ እርጎ ቀዳሁለት፣ ከዚያ ምላሴ ብቻውን ተናገረ።

«ሙሴ አርዳሼስ ትኩሳት ይዟቸዋል። መድኃኒት ልወስድላቸው ነበር፣ ሰዓት እላፊው ደረሰብኝ።»

«ቤታቸው ሩቅ አይደል?»

«ቤታቸው አይደሉም። እዚያው ነው የሚያድሩት፤ ላይ፣ ማሽኑ አጠገብ። ሰዓት እላፊው ከመጣ ጀምሮ።»

ዳቦውን አፉ አድርሶ መለሰው።

«ማንም የለም ብለሽኝ ነበር።»

«ረስቼው ነው።»

«ረስተሽው» አለ። እኔ የሶፍራውን ፍርፋሪ ለቀምኩ። ከዚያ ወጥቶ በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ። ሰዓት እላፊ ስለሆነ የትም መሄድ አይችልም። ማንንም ማግኘት አይችልም።

ሌላም የረሳሁት ነገር አለ። ዛሬ ስወጣ የኋላውን ሰንሰለት አንጠለጠልኩት እንጂ ቁልፉን አልጫንኩትም። ድካም ነው። ሰው ሲደክመው ይረሳል።

አባን 14፣ እሑድ

ከጠዋቱ ልጀምር፤ ካልጀመርኩ አልጽፈውም።

ያዶላህ ጎህ ሲቀድ ሻይ ሳይጠጣ ወጣ። እኔ ዳቦ ቤት ተሰለፍኩ። በጋለ ጠጠር ላይ የሚጋገረው ዳቦ፣ ሳንጋኩ፣ ዛሬም ከነጠጠሩ ጥሩ ነበር። ሰልፉ ላይ የሚወራው ስለ ትናንቱ ቴሌቪዥን ነው። አንዱ፣ «ካሳዩን አይቀር ተጨማሪ ምስል ያሳዩን» ይላል፤ ሌላው፣ «ለማሳየት የፈቀደው ማን ነው? እሱን ነው የምፈራው» ይላል። ዳቦ ጋጋሪው፣ «እኔ የምፈራው ዱቄት ማለቁን ነው፤ ቀጥሉ!» አለ። እንዲህ ያለ ተራ ጠዋት ነበር።

በአውቶቡስ ግማሽ መንገድ ሄጄ ሾፌሩ አወረደን። «እናቶች፣ ከዚህ ወዲያ የለሁም» አለ። ባንክ እየነደደ ነበር። የተቃጠለ ወረቀት እንደ ጥቁር ላባ ከላይ ይዘንባል። ከመጠጥ ቤቱ ሣጥን እያወጡ ጠርሙስ ቦዩ ላይ ይሰብራሉ፤ መንገዱ ሁሉ ቢራ ቢራ ይሸታል። አንድ ሰውዬ የቢሮ ወንበር ተሸክሞ ሲሮጥ ልጆች፣ «አባባ፣ ለማቃጠል ነው ወይስ ለመቀመጥ?» ይሉታል። ወታደሮቹ ጥግ ላይ ቆመው ያያሉ። ለምን ዝም እንዳሉ አልገባኝም። እየሮጥኩ ነበር፤ ዕድሜዬን የሚያህል ጊዜ ያልሮጥኩ ሴት ነኝ፣ መጎናጸፊያዬን፣ ቻዶሬን፣ በጥርሴ ነክሼ።

ፋኖስ ጋ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰዉ መንገዱን ዘግቶታል። ቲኬት መሸጫዬን ገልብጠውታል። የብረቱን መዝጊያ በጋሪ እየደጋገሙ መትተው አጥፈውታል፤ በቀዳዳው ጠርሙስ ይወረወራል። ከፊት ከቆሙት አንዱ ረጅም፣ ፊቱን በዳማ መሐረብ የጠቀለለ ልጅ ነው። ጠርሙስ ይዟል። አንዱን ጓደኛውን ደረቱን ይዞ ይገፋዋል፣ ይጮህበታል። ከርቀት ረጅም ልጅ ሁሉ ይመሳሰላል።

«ሰው አለ!» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደግሜ ጮህኩ፤ «ላይ ሰው አለ!» አጠገቤ የነበረ ነጋዴ መሳይ ሰው፣ «ሴትዮ፣ ዛሬ ማን ፊልም ያያል?» አለኝ። በዚያ ቅጽበት ከውስጥ እፍፍ የሚል ድምፅ መጣ፤ በቀዳዳው ብርቱካንማ ብርሃን ታየ፣ ሰዉም ወደ ኋላ አለ።

መሐረብ ያሰረው ልጅ ጠርሙሱን ጣለ። መሬት ላይ ነው የጣለው፣ አልወረወረውም። ከዚያ ወደ መተላለፊያው ሮጠ።

ተከተልኩት። በሰው ክርን እየተመታሁ ስደርስ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ወድቋል፣ የኋላው በር ቧ ብሎ ተከፍቷል፣ ጭስ ይተፋል። ገብቼ ሁለት እርምጃ ሄድኩ፤ ዓይኔ ጠፋ። የመቀመጫው ስፖንጅ ሲቃጠል ያለውን ሽታ ለጠላቴ አልመኝም። ተመለስኩ። ተመለስኩ ብዬ እውነቱን ልጻፍ እንጂ። ግድግዳ ይዤ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ቀላቅዬ አልኩ።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። መጀመሪያ ሳላቸው ተሰማ። ሙሴ አርዳሼስ በካልሲ፣ ብርድ ልብስ ጭንቅላታቸው ላይ ደርበው ወጡ። ልጁ ከኋላቸው ነበር። ደረጃው አፍ ላይ ትልቁ መጋረጃ ነድዶ ወድቆ ነበር አሉ፤ በእጁ ጎትቶ ነው መንገድ ያስከፈተላቸው። እኔ ሙሴን ስይዝ ልጁ በሌላው በኩል ሄደ። እጆቹን ከሰውነቱ አርቆ፣ እንደ ታጠበ ሰው አንጠልጥሎ ነበር የሚሄደው። አልጠራሁትም። ሰው ፊት ስም አይጠራም።

ሙሴ አርዳሼስን ቦዩ ዳር አስቀምጬ ውሃ አጠጣኋቸው። ጣሪያው ሲወርድ ሰማነው። ፊታቸውን አላዞሩም።

«አዲስ መብራት ገጥሜለት ነበር» አሉ። ስለ ማሽኑ ነው።

ከዚያ፣ «ያ ልጅ ሙሴ አርዳሼስ ብሎ ጠራኝ» አሉኝ።

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቅዎታል» አልኳቸው።

የእህታቸውን ልጅ ሴዳን ከምትሠራበት ክሊኒክ አስጠርቼ ወሰደቻቸው። እኔ በእግሬ ወደ ቤት። ያዶላህ ገና አልመጣም ነበር። አመሻሹ ላይ መጣ፤ እጆቹን በጋዜጣ ጠቅልሏቸዋል።

«ምን ሆንክ?»

«የመኪና ራዲያተር ፈልቶ ነው።»

ጋራዡ ከተዘጋ ወር አልፎታል።

«ራዲያተር ክፉ ነው» አልኩት። ውሃ አቀረብኩ፣ ጋዜጣውን በዝግታ እያራስኩ ላጥኩት። አልጮኸም። እኔ ነኝ ከንፈሬን የነከስኩት።

አባን 15፣ ሰኞ

ወታደራዊ መንግሥት። ንጉሡ በቴሌቪዥን «ድምፃችሁን ሰምቻለሁ» አሉ፤ ከወረቀት ነበር የሚያነቡት። ኤሽራት ኻኑም፣ «ሰሙን ማለት ነው ወይስ ለዩን ማለት ነው?» አሉ። ጋዜጣ ደግሞ ቆመ። የያዶላህ እጆች ውሃ ቋጥረዋል። ወጥ በማንኪያ አጎረስኩት፣ እንደ ልጅነቱ።

አባን 17፣ ረቡዕ

ትኩሳት። የቀኝ እጁ ጣቶች ይሸታሉ። ሆስፒታል ልውሰደው ብል ኤሽራት ኻኑም ቀሚሴን ያዙኝ፤ «የተቃጠለ እጅ የያዘን ሁሉ ወታደሮች ስም እየጠየቁ ነው ይባላል። ልጁን በእጅሽ ልታስረክቢ ነው?» አሉኝ። ስለ እጁ ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም።

የማውቃት ነርስ አንዲት ናት። ሴዳ። ሴዳ ጋ መሄድ ማለት ሙሴ አርዳሼስ ጋ መሄድ ነው። እስከ ቀትር አሰብኩ። ከቀትር በኋላ ሄድኩ።

ሙሴ አርዳሼስ ራሳቸው ከፈቱልኝ። «ወንድሜ ታሟል፣ እጁን» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ከውስጥ የምድጃው ድምፅ ይሰማል።

«ትናንት ከፖሊስ ጠርተውኝ ነበር» አሉ። «የምታውቀውን ሰው አይተሃል ወይ ብለው።»

ቻዶሬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«ጭስ ነበር አልኳቸው። ሴዳ ነገ ከሥራ ስትወጣ እንመጣለን።»

አባን 18፣ ሐሙስ

መጡ። ሴዳ ቦርሳዋን ዘረጋች፣ ሥራዋን ጀመረች። የሞተውን ቆዳ ስታነሳ ያዶላህ ጣሪያውን እያየ ላቡ ይወርዳል። ሙሴ አርዳሼስ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሻይ አቀረብኩ። ስኳሩን አልነኩም።

ሴዳ ጨርሳ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ፣

«ትንሽ ሳለህ ከማሽኑ ጀርባ ነበር የምትተኛው» አሉት። «ፊልሙ ሲበጠስ ነቅተህ 'ተበጠሰ!' ትላለህ።»

ያዶላህ አዲሱን ፋሻ አየ።

«ለምን ተመለስክ?»

«እርስዎ እዚያ እንዳሉ ስለነገረችኝ።» አንገቱን ወደ እኔ ነቀነቀ። «ጠዋት ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ቀኑን ለወጥን፣ ተውነው። ግን ሰዉ መጣ፣ እኛ ሳንሆን ሰዉ ራሱ መጣ። ልመልሳቸው ሞከርኩ።»

«ጠርሙሱስ?»

«ከአንዱ እጅ የነጠቅኩት ነው።» ቆየና፣ «ሌሎቹን ግን እኔ ነኝ የሞላኋቸው። ከቁድራት ወዲህ።»

«ባትነግርህስ ኖሮ?»

ወንድሜ መልሱን ፈለገ። ሲፈልግ አየሁት፤ በሐቀኝነት ነበር የሚፈልገው። አላገኘውም።

ሙሴ አርዳሼስ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው አልጠነከረም።

«አንቺስ ባድሪ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሻዩ ቀዘቀዘብዎት፣ ልቀይርልዎት» አልኩና ብርጭቆውን አነሳሁ።

አልከለከሉኝም። ሻይ ይዤ ስመለስ ባርኔጣቸውን አድርገው በር ላይ ቆመዋል። «እሑድ ፋሻው ይቀየራል» አሉ። እንደ ወትሮው በአክብሮት ኻኑም አላሉኝም፣ ልጄም አላሉኝም፣ የወህኒ ቤት አለቃም አላሉኝም።

ሻዩን እኔ ጠጣሁት። ምን ብዬ ልመልስላቸው ነበር? ሰው የጠረጠረው ነገር እንዳወቀው ይቆጠራል? ብዙ ሌሊት ጠይቄዋለሁ፤ ማለቴ፣ ዛሬ ጠይቄዋለሁ።

አባን 21፣ እሑድ

መብራት ጠፍቶ በላምባ እጽፋለሁ። ሠራተኞቹ ናቸው አሉ የሚያጠፉት።

ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን አጸዳሁ፣ ሁለት ጊዜ። ፒስታስዮ ለውዝ ያለበት ብስኩት ሙሴ ስለሚወዱ ከሦስት ሱቅ ፈልጌ ገዛሁ። በሩ ሲንኳኳ ሮጬ ከፈትኩ። ሴዳ ብቻዋን ናት።

«አጎቴ ጉልበቱን አመመው» አለችኝ፤ ዓይኗ ቦርሳዋ ላይ ነበር። «ቅባቱን ግን ራሱ ነው ገዝቶ የላከው።»

ፋሻውን ቀየረች። ሁለት ጣቶቹ እንደ ድሮው አይታጠፉ ይሆናል፣ እጁ ግን ይተርፋል አለች። ብስኩቱን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ ለአጎቷ። ተቀበለችኝ፣ ግን እንዴት እንደተቀበለችኝ አልወደድኩትም።

ስትሄድ ያዶላህ ፍራሹ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ፊቱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊት ሆኗል።

«ሙሴስ?» አለኝ።

«ጉልበታቸውን አሟቸዋል።»

የታሰሩ እጆቹን አየ። ከመጋረጃው ውጭ ከጣሪያ ጣሪያ ሰዎች «አላሁ አክበር» ይላሉ፤ ኤሽራት ኻኑምም ከሁሉ በላይ።

«ጉልበታቸውስ ደህና ነው» አለ ወንድሜ። «ያን ቀን ደረጃውን ከእኔ ቀድመው ነው የወረዱት። እኔ ነኝ እሳት ውስጥ የከተትኳቸው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።